ሁለት ብረት፣ አንድ ስለት

ጥለት ያለው ቢላዋ እጁ የገባ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ንብርብር አለው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ክፋት የለውም፤ ሠሪዎቹም ቁጥሩን ደረታቸውን ነፍተው ይናገሩታል። እኔ ግን ቀድሜ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ከምንና ከምን ተሠራ? ንብርብር ማብዛት ጉልበትና ትዕግሥት ላለው ሁሉ ይቻላል፤ አግሎ መቀጥቀጥ፣ ቆርጦ መደረብ፣ እንደገና አግሎ መቀጥቀጥ ነው። የሚስማሙ ሁለት ብረቶችን መምረጥ ግን ምድጃው ሳይቀጣጠል፣ መደርደሪያው ፊት ቆሞ የሚያልቅ ሥራ ነው። ቢላዋው በኋላ ቢቆርጥም ባይቆርጥም፣ ቢያምርም ባያምርም፣ ምክንያቱን ወደ ኋላ እየተከተለ የሚፈልግ ሰው እዚያው መደርደሪያ ጋ ይደርሳል።

ከፊቴ ያለው ቢላዋ ዛሬ በአሜሪካ ቀጥቃጮች ዘንድ እጅግ በተለመደው ጥንድ የተሠራ ነው፤ 1084 እና 15ኤን20 በሚባሉት። ርዝመቱ ከስንዝር ትንሽ ይበልጣል። ጠረጴዛ ላይ ጋደም ብሎ ሲታይ በጥቁር መደብ ላይ ቀጫጭን ነጫጭ መስመሮች ይሄዱበታል፤ አንድ ቦታ ተጠጋግተው ይሮጣሉ፣ ሌላ ቦታ ተለያይተው ክብ ይሠራሉ። ብርሃን በአግድም እንዲያርፍበት ዘንበል ሲደረግ ደግሞ ጥቁሩ ዝቅ፣ ነጩ ከፍ ብሎ ይታያል። ጥፍር በቀስታ ቢጎተትበት መስመሮቹ አንድ በአንድ ይይዙታል። የተቀባ ነገር የለም። አሲድ አንዱን ብረት ሸርሽሮ ሌላውን ስለማረው ነው።

አጉሊ መነጽር ሲቀርብ ምርመራው ይጀምራል። ጥሩ ብየዳ አይታይም፤ ጥቁሩና ነጩ በሚገናኙበት ድንበር ላይ ምንም የለም፣ አንዱ ያበቃና ሌላው ይጀምራል። መጥፎ ብየዳ ግን ጥቁር ነጥብ፣ የፀጉር ያህል የቀጠነ ስንጥቅ፣ አንዳንዴም እሳት ላይ ሳለ ሳይወጣ የቀረ የብርጭቆ ቅንጣት ትቶ ይሄዳል። እኔ ቀድሜ የማየው የቢላዋውን ጀርባ ነው፤ እዚያ ንብርብሮቹ በጎናቸው ቆመው ስለሚታዩ የሚደበቅ ነገር የለም። ቀጥዬ ጫፉን አያለሁ። ቢላዋው ቅርጹን ያገኘው በመዶሻ ከሆነ መስመሮቹ ወደ ጫፉ ሲቃረቡ እየተጠጋጉ፣ ጠርዙን ተከትለው ይታጠፋሉ። ከቀጥታ ብረት ላይ ተሞርዶ የወጣ ከሆነ ደግሞ ጠርዙ ላይ ሲደርሱ ድንገት ይቆረጣሉ። ሁለቱም ሥጋ ይቆርጣሉ፤ የመጀመሪያውን የሠራ እጅ ግን ገና ብረቱ ሲግል ጫፉ የት እንደሚሆን ያውቅ ነበር።

የብረቶቹ ስም እንደ ምሥጢር ቁጥር ቢመስልም ብዙ የሚያወሳስብ ነገር የለውም። በአሜሪካ አሰያየም 10 ማለት ከካርቦን በቀር ሌላ እዚህ ግባ የሚባል ቅይጥ የሌለው አረብ ብረት ነው፤ 84 ደግሞ ካርቦኑ 0.84 በመቶ ገደማ መሆኑን ይናገራል። ከ0.6 እስከ 0.9 በመቶ ማንጋኒዝም አለበት። የ15ኤን20 ካርቦን 0.75 በመቶ አካባቢ ነው፤ ልዩ የሚያደርገው 2 በመቶ ያህል ኒኬል ስላለው ነው። ይህ ብረት ለቢላዋ ተብሎ የመጣ አይደለም። እንጨት መሰንጠቂያ ቤት ውስጥ በሁለት መንኮራኩሮች ላይ ቀኑን ሙሉ እየታጠፈና እየተቃና ለሚዞረው ረጅም የመጋዝ ቀበቶ የሚሆን ነው። ያንን ሁሉ መተጣጠፍ ሳይሰነጠቅ የሚችለው በኒኬሉ ነው።

ሁለቱ እሳት ውስጥ ሲገቡ ጠባያቸው አንድ ነው። በተቀራራቢ ሙቀት ይበየዳሉ። መዶሻ ሥር በተቀራራቢ ፍጥነት ይለጠጣሉ፤ አንዱ ሲሸሽ ሌላው ወደ ኋላ ስለማይቀር ብየዳቸው አይቀደድም። ለማጠንከር ሁለቱም ከ800 እስከ 815 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበቃቸዋል፣ ሁለቱም ዘይት ውስጥ ሲነከሩ ይጠነክራሉ፣ ሁለቱም መልሰው 200 ዲግሪ ገደማ ሲሞቁ እንደ ብርጭቆ የመሰበር ጠባያቸው ይለቃቸዋል። የሚለያዩት አሲድ ፊት ሲቀርቡ ብቻ ነው፦ ኒኬል ያለበት ተቋቁሞ ይነጣል፣ ማንጋኒዝ ያለበት ይጠቁራል። የምርጫ ጥበብ በእኔ እይታ እዚህ ላይ ነው። በሁሉም ነገር የሚመሳሰሉ፣ በአንድ ነገር ብቻ የሚለያዩ፣ ያም ልዩነት ስለቱን የማይጎዳ ሁለት ብረት ያገኘ ሰው ግማሹን ሥራ ጨርሷል። በአውሮፓ፣ በተለይ በጀርመን፣ 1.2842 የሚባለውን 2 በመቶ ያህል ማንጋኒዝ ያለበትን ብረት ከኒኬል ብረት ጋር የሚደርቡት በዚሁ ስሌት ነው፤ ማንጋኒዙ ከ1084ቱ ከእጥፍ በላይ ስለሆነ ጥቁሩ የባሰ ይጠቁራል።

ስለ ካርቦን ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ብዙ ካርቦን ያለውንና ትንሽ ካርቦን ያለውን ብደርባቸው አንዱ ስለት ይይዛል፣ ሌላው እንዳይሰበር ያደርጋል» የሚለው ሐሳብ ሲሰሙት ደስ ይላል። የቢላዋ ሻጮችም ይወዱታል። ውሃ ግን አይቋጥርም። ካርቦን በጋለ ብረት ውስጥ ተቀምጦ አይጠብቅም፤ አቶሙ ትንሽ ስለሆነ በብረቱ አቶሞች መካከል ሾልኮ ይጓዛል። 1200 ዲግሪ ላይ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ያህል ይሄዳል። ይህ ጥቂት ይመስላል። ነገር ግን 4 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው ቢላዋ ውስጥ 300 ንብርብር ካለ እያንዳንዱ የአንድ ሚሊሜትር ሰባ አምስተኛ ነው። ቀጥቃጩ ብረቱን ከእሳት አውጥቶ መስፍ ላይ እስኪያሳርፈው ድረስ ካርቦኑ ከንብርብር ወደ ንብርብር ተሻግሮ፣ እኩል ተከፋፍሎ ጨርሷል። ኒኬልና ማንጋኒዝ ግን አቶማቸው ከብረቱ አቶም ጋር ይቀራረባል፤ በመካከል ሾልከው ማለፍ አይችሉም፣ የሚለቀቅ ቦታ እየጠበቁ ነው የሚንቀሳቀሱት። ከካርቦን በሺዎች እጥፍ ይዘገያሉ። ከዚያ ሁሉ እሳትና ዱላ በኋላ ጥለቱ ሳይደበዝዝ የሚገኘው በእነሱ ዝግታ ነው።

ስለዚህ ብረቱ ሲገዛ የተጻፈበት ቁጥርና ቢላዋው ሲያልቅ ያለው ቁጥር አይገጥሙም። 1084 እና 15ኤን20 እኩል ለእኩል ቢደረቡ 0.8 በመቶ የሚጠጋ ካርቦን ይወጣቸዋል፤ ለቢላዋ የተመቸ ነው። 1095ን ከ15ኤን20 ጋር የሚደርቡም አሉ፤ 0.85 ይሆናል፣ እሱም ደህና ነው። ያው 1095 ግን 0.18 በመቶ ካርቦን ብቻ ካለው ለስላሳ ብረት፣ ከ1018፣ ጋር ቢደረብ አማካዩ 0.56 አካባቢ ላይ ይወርዳል። በየጊዜው ሲግል ደግሞ ከላዩ የሚቃጠለው ካርቦን አለ። ጥለቱ ሊያምር ይችላል፣ መጥረቢያም ይወጣው ይሆናል። ቀጭን ስለት ለሚፈልግ የወጥ ቤት ቢላዋ ግን ከእጅ አይሻል ዶማ ነው።

ጥንታዊው የፋብሪካ ዘመን ብረት፣ ከድሮ ድልድይና ከሠረገላ መንኮራኩር የሚነቀለው፣ ሌላ ፈተና አለው። በውስጡ ያለው የዝቃጭ ክር በአሲድ ሲነካ የእንጨት ሥር የመሰለ መልክ ስለሚሰጥ ብዙ ሠሪ ይወደዋል፤ እኔም ዓይኔን ይማርከዋል። ግን ካርቦን የሚባል ነገር የለውም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ከጎረቤቱ ይጠጣል። ለመበየድ የሚፈልገው ሙቀትም ከፍተኛ ካርቦን ያለው ብረት ከሚችለው በላይ ስለሚጠጋ፣ አንዱ ለብየዳ ሲደርስ ሌላው የእሳት ፍንጣሪ እየረጨ መቃጠል ይጀምራል። አዋቂዎቹ ከስለቱ አርቀው በጎንና በጎን ያለብሱታል፣ መካከሉ ላይ አንድ ወጥ ጥሩ ብረት ይተዋሉ።

ንጹሕ ኒኬል ደግሞ በተቃራኒው ነው። መስታወት የመሰለ ነጭ መስመር ይሰጣል፤ ከእሱ የሚነጣ የለም። ካርቦንን ወዲያና ወዲህ እንዳይሻገር ያግዳል። ነገር ግን ምንም ቢነከር አይጠነክርም። መስመሩ በስለቱ ላይ ያለፈ እንደሆነ እዚያች ነጥብ ላይ ቢላዋው ስለት የለውም። ጀርባ ላይ ወይም ለጌጥ ብቻ በሚሠራ ጩቤ ላይ ቅር አይለኝም፤ ሽንኩርት በሚከተፍበት ቢላዋ ላይ ግን ሳየው የሠሪውን ፍላጎት እጠራጠራለሁ።

የጠባይ አለመግባባት ትልቁ ቅጣት የሚመጣው ብረቱ ዘይት ውስጥ ሲገባ ነው። አረብ ብረት ሲጠነክር ትንሽ ያብጣል። ሁለቱ ብረቶች በአንድ ጊዜና በተመሳሳይ ልክ ካበጡ ሰላም ነው። አንዱ በአየር ብቻ የሚጠነክር፣ ሌላው ፈጣን ማቀዝቀዣ የሚፈልግ ከሆነ ግን አንዱ ሲያብጥ ሌላው ገና ይኮማተራል፤ በድንበራቸው ላይ ይጓተታሉ። አንዳንዴ ቢላዋው ይጣመማል፣ እሱ ይቃናል። አንዳንዴ ደግሞ ከዘይቱ በርሜል ውስጥ «ቲክ» የምትል ቀጭን ድምፅ ትሰማለች። ቢላዋ ሠሪዎች ያቺን ድምፅ ያውቋታል፤ ወደ ላይ ስቦ ማየት ለወጉ ያህል ነው፣ ስንጥቁ ገብቷል። የብዙ ሰዓት ብየዳ፣ መቆራረጥና መደራረብ በአንዲት ድምፅ ይሄዳል፤ የመዶሻው ጥፋት ሳይሆን የመደርደሪያው ጥፋት ነው።

በእኛ አገር ቀጥቃጮች ማጭድና ቢላዋ ከመኪና ባሌስትራ ይሠራሉ፤ ጥሩ አድርገውም ይሠራሉ። ባሌስትራ ብዙውን ጊዜ 0.6 በመቶ ገደማ ካርቦንና ጥቂት ክሮሚየም ያለበት፣ ድብደባን የሚችል ብረት ነው። ብቻውን ሲሠራ ስሕተትን ይቅር ይላል። ቀጥቃጩ ቅንጥቡን አግሎ፣ አጠንክሮ፣ ሰብሮ ውስጡን ካየ በኋላ ጠባዩን ይገምታል፤ ግምቱም ይበቃዋል። ከሁለተኛ ብረት ጋር ሲጋጠም ግን የማይታወቅ ነገር በሁለት ይባዛል። ከምናለሽ ተራ የመጣ ኩሽኔታና ከሌላ ቦታ የመጣ ሞላ አንድ ላይ ቢበየዱ ሊሳካ ይችላል፤ ኩሽኔታው 1 በመቶ ካርቦንና 1.5 በመቶ ክሮሚየም ያለበት ዓይነት ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። ያገለገለ ባሌስትራ ደግሞ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል። ለዚህ ነው ጥለት የሚሠሩት ሰዎች ብረት በመግዛት ላይ የማይሰስቱት። ከዋጋው ሁሉ ርካሹ እሱ ነው።

የጥንቶቹ ያንን ቅንጦት አልነበራቸውም፤ ግን ያለ ኬሚስትሪ መጽሐፍ ወደዚያው መልስ ደርሰዋል። በምሥራቅ እንግሊዝ ሰተን ሁ በሚባል ቦታ እ.ኤ.አ. በ1939 በተቆፈረው የመርከብ መቃብር ውስጥ የተገኘው ሰይፍ የ7ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። ዝገት ከሰገባው ጋር አጣብቆት ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም እንደዚያው ይታያል። የተጠማዘዙና ቀጥ ያሉ ዘንጎች ጎን ለጎን ተበይደው መሠራቱ የታወቀው በኤክስሬይ ነው። በዚያ ዘመን ሰይፎች ውስጥ ነጩን መስመር ብዙ ጊዜ የሚያወጣው ፎስፎረስ ያለበት ብረት ነበር። ፎስፎረስ ከካርቦን ይልቅ ቀስ ብሎ ስለሚጓዝ ከእሳት በኋላም ቦታው ላይ ይገኛል፤ ያው ዛሬ ኒኬል የሚሠራውን ሥራ ይሠራ ነበር። አንድ ችግር ነበረው፤ ብረቱን ሲቀዘቅዝ ተሰባሪ ያደርገዋል። ሠሪዎቹም ጥለቱን በሰይፉ መካከል ወስነው፣ ዙሪያውን ለብቻው የተሠራ የአረብ ብረት ስለት በየዱበት። ልዩነቱን ለዓይን፣ ጥራቱን ለስለት ለይቶ መስጠት ማለት ይህ ነው።

በብዙዎች አፍ ደማስቆ የሚባለው የድሮ ሰይፍ ከዚህ የተለየ መሆኑን እግረ መንገዴን ልናገር። እሱ ከሕንድ አካባቢ በሚመጣ፣ ገንቦ ውስጥ ቀልጦ በተጋገረ ብረት የሚሠራ ነው፤ ጥለቱ የሚወጣው ከብየዳ ሳይሆን ብረቱ ሲቀዘቅዝ ከሚደረደረው ብረትና ካርቦን የተዋሐዱበት ቅንጣት ነው። ስሙን የተበየደው ወስዶታል፤ አሁን ማንም አይመልሰውም።

የተበየደውን ጥበብ በአሜሪካ ወደ ሕዝብ ዓይን ካወጡት አንዱ የሜሪላንዱ ቢል ሞራን ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ካንሳስ ሲቲ በተደረገው የቢላዋ ሠሪዎች ማኅበር ትርኢት ላይ ጥለት ያላቸውን ቢላዋዎቹን አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1976 የአሜሪካ ስለት ቀጥቃጮች ማኅበርን ከጓደኞቹ ጋር መሠረተ። ማኅበሩ ለከፍተኛው የሊቅነት ማዕረግ የሚያቀርበው ፈተና ከ300 ንብርብር ያላነሰ የተበየደ ብረት ይጠይቃል። ቢላዋው 1 ኢንች ውፍረት ያለውን በነፃ የተንጠለጠለ ገመድ በአንድ ምት ይቆርጣል፣ የግንባታ እንጨት ሁለት ጊዜ ይጎምዳል፣ ከዚያ ሁሉ በኋላ ፀጉር ይላጫል። መጨረሻ ላይ ሞርሳ ላይ ተይዞ 90 ዲግሪ ይታጠፋል። መስበር ውድቀት ነው።

ቁጥሩ እንዴት እንደሚመጣ ማየት ደስ ይላል። አሥራ ዘጠኝ ሰሌዳ ይቆለላል። ይበየዳል፣ ይለጠጣል፣ ለአራት ተቆርጦ ይደረባል፤ 76። እንደገና ለአራት፤ 304። በአጠቃላይ ሦስት ብየዳ ነው። ሰው የሚያስበውን ያህል ብዙ አይደለም፤ እያንዳንዱ ብየዳ አደጋ ስለሆነ ልምድ ያለው ሠሪ ብዛቱን ሳይሆን ጥራቱን ነው የሚጨነቅበት። በነገራችን ላይ ያ ቢላዋ 90 ዲግሪ ታጥፎ የማይሰበረው ንብርብር ስላለው አይደለም። ስለቱ ጠንክሮ ጀርባው ለስላሳ እንዲሆን በሙቀት ስለተለየ ነው፤ አንድ ወጥ ብረትም ያደርገዋል። ንብርብሩ የሚፈተነው ሲታጠፍ ብየዳው መላቀቁን ለማየት ነው።

ለዓይን ግን 304 ለእኔ በዛ ያለ ነው። ከሺህ ካለፈ ደግሞ መስመሮቹ እርስ በርስ ተውጠው ግራጫ ጭጋግ ይሆናሉ፤ ያን ሁሉ ተደክሞ ከሩቅ አንድ ወጥ ብረት ይመስላል። የውፍረት ምጣኔው ከቁጥሩ ይልቅ ለመልኩ ይወስናል። 15ኤን20 በአብዛኛው የሚሸጠው 2 ሚሊሜትር በማይሞላ ቀጭን ላሜራ ነው፤ 1084 ደግሞ 3 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ በሆነ ሰሌዳ ይገኛል። ሠሪው እንደመጣላቸው ቢቆልላቸው ሰፊ ጥቁር መደብ ላይ ቀጭን ነጭ መስመር ይወጣል፤ ፊቴ ያለው ቢላዋ እንዲህ ነው፣ ዕረፍቱም ከዚያ የመጣ ነው። እኩል ውፍረት ቢያደርጋቸው ጥቁርና ነጩ ተፎካክረው ዓይን የሚያርፍበት ያጣል። የዚህ ቢላዋ ሠሪ ክቦቹን ያወጣው በተበየደው ብረት ላይ ጎድጓዳ ጉድጓዶች በመሰርሰሪያ ቆፍሮ፣ ከዚያ አግሎ ደልድሎ ነው። ከታች ያሉት ንብርብሮች ወደ ጉድጓዱ ሲወጡ በአግድም እንደተቆረጠ ሽንኩርት ቀለበት በቀለበት ይታያሉ። ክቦቹ ጀርባው አካባቢ ሙሉ ናቸው፤ ወደ ስለቱ ሲወርዱ ግን ይረዝማሉ፣ ምክንያቱም መሞረዱ ንብርብሮቹን በሰያፍ ይቆርጣቸዋል። አንዳቸውም በመስመር አልተሰለፉም። መጥፎ እጅ ቢሆን እንደ ቁልፍ ያሰልፋቸው ነበር።

ስለ ብየዳው ራሱ ብዙ አልልም። ሰሌዳዎቹ እስኪያበሩ ይሞረዳሉ፣ ይቆለላሉ፣ ጎናቸው በኤሌክትሪክ ብየዳ ይያያዛል፣ ለመያዣ የፌሮ ዘንግ ይበየድላቸዋል። ሲግሉ ቦራክስ ይነሰነስባቸዋል፤ አንጥረኞች ወርቅ ሲበይዱ የሚያውቁት ያው ቦራክስ ነው። 740 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀልጥና የብረቱን ቅርፊት አሟሙቶ እንደ ፈሳሽ ብርጭቆ ይወጣል። ብረቱ 1200 ዲግሪና ከዚያ በላይ ደርሶ ወደ ነጭነት የሚጠጋ ቢጫ ሲሆን መዶሻው ይወርዳል፤ የመጀመሪያዎቹ ምቶች ለስለስ ያሉ ናቸው፣ ኃይለኛ ምት ያልተያያዘውን ያንሸራትተዋልና።

የመጨረሻው ሥራ የትዕግሥት ነው። ቢላዋው ጠንክሮ ጭረት የሚባል እስኪጠፋበት በእጅ ይለሰልሳል። አንድ ያልጠፋ ጭረት አሲዱ ውስጥ ሲገባ ይጎላል እንጂ አይደበቅም። ከዚያ የኤሌክትሮኒክስ ሰዎች የመዳብ ሰሌዳ በሚበሉበት በፌሪክ ክሎራይድ፣ በውሃ ቀጥኖ፣ ይነከራል። ይወጣል፣ ይታጠባል፣ እንደገና ይነከራል። አሲዱ በቂ ጥልቀት ከቆረጠ በኋላ 2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በጠንካራ ነገር ላይ ተጠቅልሎ በፊቱ ላይ ይሳባል። ወረቀቱ ስለማይታጠፍ ከፍ ያለውን ኒኬል ብቻ ይነካል፤ ዝቅ ያለው ጥቁር ሳይነካ ይቀራል። ለስላሳ ነገር ላይ ቢጠቀለል ጥቁሩንም ያነጣውና ልፋቱን ያበላሸዋል። የምርጥ ሠሪ ሥራ የሚለየው እዚህ ነው፤ የነጩ መስመር ጠርዝ እስከ ጫፉ ድረስ ስል ነው፣ አልተጠጋጋም።

ጥቁሩን ይበልጥ ለማጥቆር ብዙዎቹ ቢላዋውን ቡና ውስጥ ይነክሩታል። ቀልድ አይደለም። ሙቅ ውሃ ውስጥ የሚሟሟውን ርካሽ ቡና ከሚጠጣው በብዙ እጥፍ አወፍረው፣ ቢላዋውን ለሰዓታት ይተዉታል። ደካማ አሲዱ 15ኤን20ን እንዳለ ትቶ 1084ን የሚያምር ጥቁር ያለብሰዋል። ለሦስተኛው ጀባ ክብር ያለን ሰዎች ጥሩ ቡና ለብረት መስጠት ይከብደን ይሆናል፤ ደግነቱ ብረቱ የይርጋጨፌንና የሌላውን ልዩነት አያውቅም።

የማይዝግ ብረት ጥለት ከዚህ ሁሉ የተለየ ዓለም ነው። ክሮሚየም የሚሠራውን ሽፋን ቦራክስ ስለማያሟሟው ብዙ ጊዜ የሚበየደው አየር በማይገባው ሣጥን ውስጥ ታሽጎ ነው። በስዊድን ሶደርፎሽ የሚሠራው ዳማስቲል የተባለው ብረት አርደብሊውኤል34 እና ፒኤምሲ27 ከሚባሉ ሁለት የብረት ዱቄቶች ነው የሚጀምረው፤ ሁለቱም በሚጠነክሩበት ሙቀት ስለሚቀራረቡ ተመርጠዋል፣ ያው ሕግ ነው። ሱቅ ውስጥ የምናያቸው የጃፓን የወጥ ቤት ቢላዋዎች ደግሞ አብዛኞቹ ጥለታቸው በጎንና በጎን የተለበሰ ነው፤ የሚቆርጠው መካከል ያለው እንደ ቪጂ10 ያለ አንድ ወጥ ብረት ነው። በዚህ የሚያሳፍር ነገር የለም፤ ጥለቱ ስለቱን ስለማይነካ ሠሪው ለልብሱ የፈለገውን ብረት መምረጥ ይችላል። ስለቱ አጠገብ ጥለቱ አልቆ ወጥ ብረት የሚጀምርባት ወላዋይ መስመር መኖሯን ማየት ነው።

የሚያሳፍረው በሌዘር የታተመው ነው። ዋጋው ርካሽ፣ መስመሮቹ በሁለቱም ጎን አንድ ዓይነት፣ ጀርባው ላይ ደግሞ ምንም የሌለ። ትክክለኛው ጥለት ከአንዱ ጎን ወደ ጀርባ፣ ከጀርባ ወደ ሌላው ጎን ሲሻገር በዓይን ይከተሉታል። ለዓመታት ተስሎ፣ ተፈግፍጎ የደበዘዘ ቢላዋም ቢሆን ፊቱ በብርጭቆ ወረቀት ተጠርጎ እንደገና አሲድ ውስጥ ቢገባ ጥለቱ ይመለሳል፤ ክቦቹ ትንሽ ሰፍተው ወይም ጠብበው ሊመጡ ይችላሉ፣ አሁን የሚታየው ከሥር የነበረው ንብርብር ነውና። ከዚያ በፊት ግን ባለቤቱ ሎሚና ቲማቲም ከቆረጠበት በኋላ ወዲያው ያጥበው፣ ያድርቀው፣ ዘይት ነካ ያድርገው። የካርቦን ብረት ነው፤ ማታ እርጥብ ከተተወ ጠዋት ዝጎ ይገኛል።